ቅሬው ያልተጠራበት ፕላን

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሰው ሲሞት ኮሚቴ የሚያቋቁም የለም። ጥሩምባው ይነፋል፤ ከዚያ በኋላ ድንኳኑ የት እንደተቀመጠ፣ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ፣ መቃብር መቆፈር የነማን ተራ እንደሆነ፣ እንጀራው ከየት ውሃውም ከየት እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል። ሟቹ ሙስሊም ቢሆን ክርስቲያን ጎረቤቱ አካፋ ይዞ ይወጣል፤ ክርስቲያን ቢሆን ሙስሊሙ እንደዚያው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ሥራው በቀብር አያበቃም። ቤት የተቃጠለበትን ያቋቁማል፣ የታመመ ያሳክማል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ያስቸገረ ጎረምሳ ይገሥጻል።

እንዲህ የተደራጀ ሰፈር መንገድ ሲወጣለት፣ ቦይ ሲቆፈርለት፣ ቦኖ ሲተከልለት ግን ቅሬው የሚጠራው በመጨረሻ ነው። መስመሩ ተሰምሮ፣ ካርታው ታትሞ፣ በጀቱ ተይዞ ካለቀ በኋላ «ኅብረተሰቡ ይሳተፍ» ይባላል። ያኔ ተሳትፎ ማለት ብር ማዋጣትና ድንጋይ መሸከም ይሆናል። እኔ የምለው፣ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ ነው። ነዋሪው የመጀመሪያው መስመር ከመሰመሩ በፊት ካልተጠየቀ የሚሠራለት ነገር ቢያምር እንኳ አይቆይም።

የተወለድኩት አምባሰል፣ ከውጫሌ ከፍ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። ሐይቅ ያመጣኝ ትዳር ነው። በልማት ጣቢያ ሠራተኝነት ጀምሬ በተፈጥሮ ሀብት ባለሙያነት ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ እርከን ማስቀየስ፣ ክትር ማሠራት፣ ችግኝ ማስተከል ነበር። አሁን እውቀቴን የምጠቀምበት በገዛ ሰፈሬ ነው።

አቀማመጡን ለማያውቅ ልንገር። ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ወልድያ በሚያልፈው ዋና መንገድ ላይ የተዘረጋች፣ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከበላይዋ ተራራና ኮረብታ ነው፤ ከበታቿ ሐይቁ። ሐይቁ 23 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ጥልቀቱ 88 ሜትር ድረስ ይወርዳል። ከፍ ብሎ ደግሞ አርድቦ ሐይቅ አለ፤ የአርድቦ ውሃ በአንከርካ ወንዝ አድርጎ ወደኛ ይመጣል። ከእኛ ሐይቅ ግን በምድር ላይ የሚወጣ ወንዝ የለም። ከተራራው የታጠበ አፈር፣ ከጫት ማሳ የወረደ መድኃኒት፣ ከየግቢው የተደፋ እጣቢ፣ ከመኪና እጥበት የፈሰሰ ዘይት፣ የሁሉም መድረሻ እዚያው ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዘመን ያደራጁት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ጥንት ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ በእግር ይገባል። በ1970 ገደማ ወደ ሐይቁ የተጨመረው ቆሮሶ ዓሣ አሁን የብዙ ወጣት መተዳደሪያ ነው። እዚህ አገር ስለ ሰፈር የሚያስብ ሰው ስለ ውሃው ካላሰበ ምንም አላሰበም።

ባለሙያዎች «ዘላቂና የማይበገር ሰፈር» ሲሉ ትልቅ ነገር ይመስላል። በኛ ቋንቋ እንዲህ ነው፤ ከባድ ዝናብ ዘንቦ ጎርፍ ቤት የማይገባበት፣ ዝናብ ቀርቶም ውሃ የማይጠፋበት፣ ክፉ ቀን መጥቶ ሰው የማይበተንበት፣ ለዛሬ ተብሎ የልጅ ልጅ ድርሻ የማይበላበት ሰፈር ማለት ነው።

የኛ ሰፈር ትልቁ ጣጣ ቦረቦር ነው። ድሮ ከብት ወደ ውሃ የሚወርድበት መንገድ ነበር። ኮቴ ሣሩን ጨረሰው፣ ጎርፍ ኮቴውን ተከተለ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር አፉ እየሰፋ ወደ ቤቶቹ ተጠጋ። ለዚህ የመጣው ዲዛይን በመንገዱ ጠርዝ የሚሄድ የሲሚንቶ ቦይ ነበር። ቅሬያችን «ሳይቆፈር አንድ ቀን ስጡን» ብሎ ጠየቀ፤ ዲዛይኑን ያመጡት ባለሙያዎችም እሺ አሉ። እሺ ማለታቸው ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ ቦታ እሺ አይባልም።

ዋርካው ስር መሬቱን ጠርገን የሰፈሩን ካርታ ሠራን። መንገዱን በአመድ፣ ቤቶቹን በጠጠር፣ ዛፉን በቅጠል፣ ሐይቁን በሰማያዊ ፌስታል። ይህ አሠራር በገጠር ቀበሌዎች ለተፋሰስ ሥራ ከድሮም የምንጠቀምበት ነው፤ ከተማ ውስጥ ግን ማንም አይሞክረውም። ወንዶቹ ዋናውን መንገድ፣ መስጊዱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ትምህርት ቤቱን አስቀመጡ። ሴቶቹ ለብቻቸው ሌላ ካርታ እንዲሠሩ አደረግን። እነሱ የጀመሩት ከቦኖው ነው። ቀጥለው ቆሻሻ የሚደፋበትን፣ ሲመሽ መብራት የሌለበትን ጥግ፣ ልጆች የሚያንሸራትታቸውን ቁልቁለት፣ ሌሊት ውሃ የሚገባባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ አሳዩ። የአንድ ሰፈር ሁለት ካርታ ጎን ለጎን ሲታይ የሁለት አገር ይመስል ነበር።

ጉልት የምትሸጥ አንዲት ጎረቤቴ ከሰል በእጇ ይዛ ከላይ ወደታች በቤቶቹ መሃል ደረደረችውና «ጎርፉ በመንገዱ አይመጣም እኮ። በዚህ ነው የሚመጣው። መንገዱ ላይ ቦይ ብትቆፍሩ የመንገዱን ውሃ ትወስዳላችሁ፤ የኛን ማን ይወስደዋል?» አለች። ማንም አልመለሰላትም፤ እውነቷን ነበር።

ያ ውሃ ከየት መጣ የሚለውን እዚያው አሰላን። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሣር ክዳን ጠፍቶ ሁሉም ቤት ቆርቆሮ ሆኗል፤ ግቢውም እየተለሰነ ነው። ድሮ መሬት ይጠጣው የነበረ ዝናብ አሁን ይሮጣል። ጣሪያው 50 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1,000 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ ሃምሳ ጀሪካን ማለት ነው። እንዲህ ያለ አርባ ቤት ከተዳፋቱ ላይ ካለ 40,000 ሊትር በአንድ ዶፍ ይወርዳል። የሐምሌና የነሐሴ ዶፍ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አይጠብቅም፤ ያንን ሁሉ ውሃ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያወርደዋል። በጋ ላይ እነዚያው ቤቶች ጀሪካን ይዘው ቦኖ ይሰለፋሉ። የሚያጥለቀልቀንና የሚጠማን አንዱ ውሃ ነው፤ ለሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ግን ሁለት የተለያዩ ችግሮች ነው።

ከዚያ አንድ ሼህ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ካርታውን በምርኩዛቸው ጫፍ ነኩና «እዚህ ጋ የውሃ መውረጃ ነበረ። አጥር ዘጋው» አሉ። አጥሩን ያጠረው ሰው ከኋላቸው ቆሟል። ዝም ተባለ። እንዲህ ያለውን ነገር ደፍሮ የሚጽፍ መሐንዲስ የለም፤ ቢጽፈውም የካሳ ክርክር ተነሥቶ ሥራው ዓመት ይቆማል። እኛ ጋ ግን አበጋሮች አሉ፤ ደም የሚያደርቁ፣ የሁለቱም ሃይማኖት ሰው የሚሰማቸው ሽማግሌዎች። ነገሩን ቡና ተፈልቶ ያዙት። ከአቦል እስከ በረካ ድረስ ሰውዬውን ማንም ጥፋተኛ አላለውም። «ውሃው መንገዱን ይፈልጋል፤ አንተም ቤትህን ትፈልጋለህ። እንዴት እናድርግ?» ተባለ። በመጨረሻ አጥሩን አንድ ሜትር ሊያስገባ ተስማማ፤ ቅሬው ድንጋዩን አንሥቶ መልሶ ሊሠራለት፣ ቦረቦሩ ሲያገግም ከሚታጨደው ሣርም ድርሻ ሊሰጠው ቃል ገባ። ወረቀቱ ላይ ሁለቱም ወገን ፈረሙ።

ፕላኑ በዚህ ተለወጠ። የመንገዱ ቦይ አልቀረም፤ አጠረ። አቅም ያለው ቤት ጣሪያው ስር ሮቶ፣ አቅም የሌለው በርሜል አስቀመጠ፤ ትርፉ ውሃ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተቆፍሮ ድንጋይ በተሞላ ጉድጓድ እንዲሰርግ ተደረገ። የውሃ መውረጃው ተከፈተ። ከብቱ ሌላ መንገድ ተሰጠው። ቦረቦሩ ላይ ክትር ሠራን፤ ይህን ላብራራ፣ ምክንያቱም ብዙ ቦታ በስሕተት ይሠራል። ክትር ሲደረደር የላይኛው ክትር እግር ከታችኛው ክትር አናት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ አለዚያ በመሃላቸው ያለው መሬት መታጠቡን አይተውም። የክትሩ መሃል ከሁለቱ ጎን ዝቅ ይላል፣ ውሃው በመሃል እንዲያልፍ። ሁለቱ ጫፍ ደግሞ ወደ ገደሉ ግድግዳ ገባ ብሎ ይቀበራል። በክትሮቹ መሃል ቬቲቨር፣ ሰስባኒያና የዝሆን ሣር ተተከለ። በመጀመሪያው ክረምት አንደኛው ክትር በጎኑ ተበላ። ሲነጋ ማንም ሳይጠራቸው ወጥተው የጠገኑት የዚያው ጎን ቤቶች ናቸው። የሠሩትን ያውቁታል፤ የት ጋ እንደደከመም ያውቃሉ። ከላይ ተሠርቶ የሚሰጥ ነገር ሲሰበር ሰው «የመንግሥት ነው፣ ይጠግኑት» ብሎ ያልፈዋል።

ይህን የምለው ከታሪክም ተነሥቼ ነው። ወሎ ላይ ያልተሞከረ ዕቅድ የለም። የ1966ቱ ረሃብም የ1977ቱም ያረፈው እዚሁ ነው። ከሁለቱም በኋላ ተራራ በእርከን ተሸነሸነ፣ ኮረብታ ተከለለ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ስንዴና ዘይት እየተቀበለ በምግብ ለሥራ ድንጋይ ደረደረ። ሥራው ከባድ ሥራ ነበር፤ የሠሩትን ሰዎች አመሰግናለሁ። ግን እርከኑ የት ይሁን፣ የትኛው ግጦሽ ይዘጋ፣ ምን ዛፍ ይተከል ብሎ ገበሬውን የጠየቀው አልነበረም። ዕቅዱ በወረቀት ይመጣል፣ ገበሬው በሥራ ቀን ይቆጠራል። በዚያው ዘመን በየክፍለ ሀገሩ መንደር ምሥረታ ሲታወጅ ደግሞ ሰው ከማሳው አጠገብ ተነሥቶ በቀጥታ መስመር ቤት እንዲሠራ ተደረገ። በ1982 የኢኮኖሚ ፖሊሲው ሲለወጥና በ1983 መንግሥት ሲወድቅ ምን ሆነ? ብዙ ቦታ ሰው ከመንደር ምሥረታው ወደ ድሮ ቦታው ተመለሰ፤ የተከለለው ደን ተጨፈጨፈ፤ እርከን ፈርሶ ታረሰ። ያንን ያደረገ ገበሬ ዛፍ ጠልቶ አይደለም። የኔ ነው ብሎ አያውቅም ነበር።

ስለ አምባሰል የተጻፈ አንድ ሥራ አለ፤ በዚህ ጉዳይ የሚሠራ ሰው ሁሉ ቢያነበው እወዳለሁ። ደሳለኝ ራህማቶ ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ በያኔው አምባሰል አውራጃ ገበሬዎች ዘንድ ያጠናውና እ.ኤ.አ. በ1991 በኡፕሳላ በመጽሐፍ የወጣው ጥናት ነው። የጠየቀው ሌላው ያልጠየቀውን ነው፤ ስንት ሰው ሞተ ብቻ ሳይሆን የተረፈው እንዴት ተረፈ። ገበሬው ረሃቡ ሳይደርስ ፍጆታውን ቀነሰ፣ ከብቱን በተራ ሸጠ፣ ዘመድ ካለበት ሄደ፣ ካለው ተበደረ፣ ለጎረቤት አካፈለ። እርዳታው ከመምጣቱ በፊት ሰው ለመትረፍ ሲታገል የነበረው በራሱ ዘዴ ነው። ከላይ የመጣው ዕቅድ ይህንን ዘዴ አላየውም፤ አንዳንዴም ሰበረው። የአምባሰል ሰው የማይበገር መሆንን ከማንም አልተማረም። የጎደለው፣ የሚያውቀውን ነገር ዕቅዱ ውስጥ የሚያስገባለት ነው።

ገጠሩ ከዚያ ወዲህ የተማረው አለ። ከደርግ በኋላ የግብርና ሚኒስቴር ከዓለም የምግብ ፕሮግራም ጋር ሆኖ ዕቅድ ከቀበሌ እንዲጀምር የሚያደርግ አሠራር አመጣ፤ በ1997 ደግሞ አሳታፊ የተፋሰስ ልማት መመሪያ ወጣ። መመሪያው አንድን ማኅበረሰብ አቀፍ ተፋሰስ ከ200 እስከ 500 ሄክታር አድርጎ ይወስነዋል፤ ሰው በእግሩ ዞሮ ሊያየው፣ ከአንድ ኮረብታ ላይ ቆሞ ሊጠቁመው የሚችለው መጠን ነው። ነዋሪው የመረጠው ቡድን ከባለሙያው ጋር ከላይ እስከታች ተጉዞ ካርታ ይሠራል፣ ችግሩን በደረጃ ያስቀምጣል፣ ዕቅዱ በጠቅላላ ጉባኤ ይጸድቃል። ሁልጊዜ እንዲህ ተሠራ ማለቴ አይደለም። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ በሚደረገው ዘመቻ የኮታ ቁጥር ከላይ እየወረደ «ስንት ኪሎ ሜትር እርከን» ብቻ የሚጠየቅበትን ጊዜ አይቻለሁ። በደንብ የተሠራበት ቦታ ግን ይታወቃል፤ የደረቀ ምንጭ መልሶ ፈልቋል። እንዲህ ያለው መመሪያ ለገጠር ሲኖር፣ ያው ጎርፍ ከገጠሩ ወርዶ የሚገባባት ከተማ ለምን ሌላ ዓለም ትሆናለች?

ሕጉ አልጎደለም። በ1987 የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከት ፖሊሲና ፕሮጀክት ላይ አስተያየት እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል፤ አንቀጽ 92 ያንኑ ለአካባቢ ጉዳይ ይደግመዋል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ደግሞ የሕዝብ ተሳትፎን ከፕላን መሠረታዊ መርሆዎች አንዱ ያደርገዋል። በአዋጁ መሠረት አንድ መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት ያገለግላል፤ ከሥሩ የአካባቢ ልማት ፕላን ይወጣል። በፕላን ዝግጅት ማንዋሉ ከከተማው መሬት 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይያዛል። ጥሩ ነው። ያ 30 በመቶ አረንጓዴ ቦታ ግን የት ነው የሚሆነው? ውሃ ከሚወርድበት ሸለቆ ላይ ከሆነ ጎርፉን ያስተነፍሳል፤ ከሌላ ቦታ ከሆነ አንድ ሌሊት አጥር ይታጠርበታል። ይህን የሚያውቀው እዚያ የሚኖረው ሰው ነው። አዋጁ ተሳትፎ ይበል እንጂ ብዙ ጊዜ የሚደረገው አዳራሽ ሰብስቦ፣ ካርታ በፕሮጀክተር አሳይቶ፣ አስተያየት አለ ወይ ብሎ፣ ስም ዝርዝር ላይ አስፈርሞ መሄድ ነው። ሼሪ አርንስታይን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 የሕዝብን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል ሠርታ አሳይታ ነበር። ከታች ያሉት ሁለቱ ሰውን ማታለልና እንደ በሽተኛ ማከም ናቸው፤ መሃል ላይ መንገርና ማማከር አለ፤ ከላይ ውሳኔው በሕዝቡ እጅ ይገባል። አዳራሹ ውስጥ የሚደረገው ቢበዛ መሃል ይደርሳል።

በሌላው ዓለም ወደ ላይኛው እርከን የወጡ አሉ። ካራቺ፣ ፓኪስታን ውስጥ ኦራንጊ የሚባል እጅግ ሰፊ የድሆች ሰፈር አለ። እ.ኤ.አ. በ1980 አክታር ሐሚድ ኻን የተባሉ ሰው እዚያ ገብተው ሕዝቡን አዳመጡ፤ ትልቁ ሮሮ በየመንገዱ የሚፈስ ፍሳሽ ሆኖ አገኙት። መንግሥት እስኪመጣ ከመጠበቅ፣ በአንድ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ያሉ ከ20 እስከ 30 ቤቶች ተሰብስበው፣ አንድ አስተባባሪ መርጠው፣ ገንዘባቸውን አዋጥተው የመንገዳቸውን የፍሳሽ ቱቦ እንዲዘረጉ አደረጉ። የቴክኒክ ምክር ይሰጣቸዋል እንጂ ገንዘቡን የሚይዘው ራሱ ሰፈሩ ነው። ዋናውን መውረጃ መሥራት የመንግሥት ድርሻ ሆነ። ይህን ሳነብ ያሰብኩት ቅሬያችንን ነው። እነሱ አስተባባሪ ፍለጋ ከባዶ ጀመሩ፤ እኛ ዳኛም፣ ጸሐፊም፣ ገንዘብ ያዥም፣ ጥሩምባ ነፊም አለን።

በራሳችን ክልልም ትልቅ ሙከራ ተደርጓል። በአማራ ክልል ቡራ በተባለ ቦታ፣ በስዊሱ አርክቴክት ፍራንዝ ኦስዋልድና በባልደረቦቹ አነሳሽነት፣ ገበሬዎች ራሳቸው የሚገነቧት አዲስ ትንሽ ከተማ ተጀምራ ነበር። የሐሳቡ እምብርት በጋራ ጣሪያ ሥር የሚሠራ ቤት ነው፤ ጣሪያው የዝናቡን ውሃ ሰብስቦ ያጠራቅማል፣ ቤተሰቦች ከሥሩ እንደ አቅማቸው ክፍላቸውን ይሠራሉ። መሬት ያጣ የገበሬ ልጅ ወደ ትልቅ ከተማ ከመፍለስ እርሻውን ሳይለቅ ከተሜ እንዲሆን የታሰበ ነው። ከሁሉ የወደድኩት ውሃው ከቤቱ ንድፍ ውስጥ መግባቱን ነው፤ ቤቱ ካለቀ በኋላ የሚለጠፍ ነገር አልሆነም።

ቅሬን ስናነሣ ጉድለቱን መሸሸግ አይገባም። የቅሬ አባልነት በአባወራ ስም ነው። እንጀራ የሚጋግሩት፣ ውሃ የሚቀዱት፣ አስከሬን አጥቢዋን ሳይቀር የሚያስተባብሩት ሴቶች ከዳኛው አጠገብ አይቀመጡም፤ ባል የሞተባት ካልሆነች በቀር ስሟ መዝገቡ ላይ የለም። ስለዚህ ቅሬውን ጠርቶ ነዋሪውን ጠራሁ ማለት አይቻልም። የሴቶች ካርታ ለብቻው የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰዓቱም ታስቦበት፣ ከገበያ ቀን ውጭ፣ ምሳ ከተነሣ በኋላ።

ተከራዩም አለ። ሐይቅ ውስጥ በወር የሚከራይ ብዙ ነው፤ መምህር፣ የቀን ሠራተኛ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ የባጃጅ ሹፌር። የቤቱ ባለቤት ደሴ ወይም አዲስ አበባ ይኖራል፤ አስተያየት የሚጠየቀው እሱ ነው፣ ጎርፍ የሚገባበት ተከራዩ ነው። በ2014 ጦርነቱ ውጫሌንም ሐይቅንም አልፎ ደሴ ሲደርስ ስንት ቤተሰብ ተፈናቀለ፤ ስንቱስ ከሌላ ቦታ ተፈናቅሎ እኛ ጋ መጣ። ያን ሰሞን ሰው በየዘመዱ ቤት፣ በየትምህርት ቤቱ ሲጠለል ማን የት እንዳለ፣ ማን እንዳልበላ፣ የትኛዋ ነፍሰ ጡር እንደደረሰች የሚያውቀው ሰፈሩ ብቻ ነበር። ከተፈናቃዮቹ እዚሁ የቀሩ አሉ፤ የቅሬ መግቢያ ከፍለው የገቡም አሉ፣ መክፈል ያልቻሉም አሉ። እኛ ሰፈር ለፕላን ሥራ ሲሆን መግቢያ ያልከፈለም፣ ተከራይም እንዲቀመጥ ወስነናል። ውሳኔው በቀላሉ አላለፈም። «ነገ ለሚሄድ ሰው ምን ድምፅ አለው?» ያሉ ነበሩ። የተመለሰላቸው አንዲት ተከራይ አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ክፍል እንደኖረች ተነሥታ ስትናገር ነው።

ለባለሙያዎችም የምለው አለኝ፤ ባልደረቦቼ ናቸውና። ለፕላን ጥናት የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ በበጋ ነው፤ መንገዱ ደረቅ፣ መኪናው የሚገባ ሲሆን። እባካችሁ ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ኑ። ጃንጥላና ቦቲ ይዛችሁ ዝናቡ እየወረደ ከሰፈሩ ሰው ጋር ከላይ እስከታች ተራመዱ። ውሃው ራሱ መንገዱን ያሳያችኋል። ሌላው፣ ዕቅድ ስታቀርቡ አንድ ብቻ አታቅርቡ። ሰው በቀረበለት አንድ ነገር ላይ እሺ ወይም እንቢ ነው የሚለው፤ ሁለትና ሦስት አማራጭ ከነወጪው ሲቀርብለት ግን ያመዛዝናል፣ ያስባል፣ የራሱንም ይጨምራል። ገንዘቡንም ንገሩት። በጀቱ ስንት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ሁሉንም ነገር ይጠይቃል፤ የሚያውቅ ሰው ይመርጣል። የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምራ የበጀቷን ከፊል ለየሰፈሩ ስብሰባ ያቀረበችው ለዚህ ነው። የጥገናውንም ነገር ከመጀመሪያው ጻፉት፤ ቦዩን ማን ይጠርጋል፣ መቼ፣ በማን አካፋ። የኛ ቅሬ ቦይ ጠረጋን ከግንቦት ወር መዋጮ ጋር አያይዞታል፤ ያልወጣ እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣል።

ቀጣዩ ከባድ ሥራ የሐይቁ ዳር ነው። ዳሩ እየታረሰ፣ ጫትና አትክልት እየተተከለ እስከ ውሃው አፍ ተደርሷል፤ ቤትም እየተጠጋ ነው። ደንገሉና ሣሩ ሲጠፋ ደለሉን የሚያስቀር ነገር አይኖርም፤ ዓሣው የሚራባበት ጥግም ይጠፋል። ከዳሩ የተወሰነ ስፋት ሳይታረስና ሳይገነባበት ይቅር በሚለው ብዙው ሰው ይስማማል፤ ስንት ሜትር ይሁን በሚለው አይስማማም። እዚህ ላይ የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ ፓምፕ ያላቸው፣ ማሳቸው ውሃው ድረስ የደረሰ ሰዎች በሌሉበት መስመሩ እንዳይሰመር። የሚያጡት እነሱ ናቸው። ያጡትን የሚተካ ነገር ሳይነገራቸው ችካል ቢተከል ችካሉ ከወር አያልፍም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ይሆናል። በቅርቡ ከነሱ ጥቂቶቹን፣ የዓሣ አጥማጆቹን ማኅበር ሰዎችና የቅሬ ዳኞችን አንድ ላይ አስቀምጠን ነበር። አንደኛው ባለ ፓምፕ «ከዳሩ ብነሣ ውሃውን ከላይ ታደርሱልኛላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ስብሰባው በዚያ ጥያቄ ላይ ተነሣ፤ ከአርድቦ በኩል የሚመጣውን ውሃ በጋራ ቦይ ወደ ላይኛው ማሳ ማድረስ ይቻል እንደሆነ የሚያዩ ሁለት ገበሬዎችና አንድ የመስኖ ባለሙያ ተመርጠዋል።